ጸድቆ የነበረው ቆዳዬ

እናቴ «ጸ»ን በአፏ አታውቃትም። ጸሎት ለእሷ ጠሎት ነው፣ ጻድቅ ጣድቅ ነው፣ ፀሐይም ጠሐይ ናት። ትክል ድንጋይ አካባቢ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ፊደል ሳትቆጥር የኖረች ሴት ናት። አባቴ ደግሞ የቅኔ መምህር ነበር፤ ተማሪው አንዲት ፊደል ሲስት ፊቱ የሚጠቁር ሰው። ሚስቱን ግን ዕድሜ ልኩን አርሞ አርሞ ሳያሸንፋት ሞተ። «ምነው አንቱ፣ እግዜር እንደሆን በ‹ጠ›ም ቢሉት ይሰማል» ትለው ነበር።

እኔ ከአባቴ እርማቱን፣ ከእናቴ መልኳን ወረስኩ። ጠይም ነበርኩ። ከልጆቿ መሃል እሷን የምመስል እኔ ብቻ ስለነበርኩ «የኔ ጠይም» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የክርስትናም የትምህርት ቤትም ስሜን ስትጠራ የሰማኋት ስትቆጣኝ ብቻ ነው።

ሥራዬ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ነው። ቤቴ ፀዳ ነው፣ በአዘዞ በኩል። ታፔላው ላይ «ፀዳ» ተብሎ ተጽፏል፤ የታክሲ ረዳቶቹ ግን «ጠዳ! ጠዳ!» እያሉ ነው የሚጣሩት። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ እኔ ዘንድ ስትመጣ ይህን ሰምታ «አየሽ? አገሩ ሁሉ በኔ አፍ ነው የሚናገር» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ ገና እንስቅ ነበር።

በሽታው ሲጀምረኝ ጠመኔ መስሎኝ ነበር። ክፍል ጨርሼ ከመምህራን ማረፊያው ጎን ካለው ቧንቧ እጄን ስታጠብ፣ የቀኝ ጣቴ አንጓ ላይ ያለችው ነጭ ነገር አልለቅ አለች። በሳሙና ፈተግኳት፣ በጥፍሬ ፋቅኳት። ግትር ነኝና ቆዳው እስኪቀላ ድረስ አልተውኳትም። ከኋላዬ ተራ ይጠብቅ የነበረ የሒሳብ መምህር «ምነው፣ ቆዳሽን ገፈሽ ልትገቢ ነው?» አለኝ። ሳቅን። ዓመት ሳይሞላ ነጩ የእጄን ጀርባ ይዞ፣ ከላይኛው ከንፈሬ ጥግም ብቅ አለ።

ስሙ ለምጽ ነው። ሐኪሞቹ ቪቲሊጎ ይሉታል፤ እንዲያ ሲሉት ቀለል ይላል። እኔ ግን የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ቃል ምን እንደሚሸከም አውቃለሁ። በወንጌል ከከተማ ውጭ ቆመው ከሩቅ የሚጮኹት ሰዎች በሽታ በእኛ ቋንቋ ይኸው ለምጽ ነው፤ የእነሱ ሌላ የእኔ ሌላ መሆኑን ሐኪም እንጂ ቃሉ አይለይም። አይጋባም፣ አያምም፣ አይገድልም ተብያለሁ። ሦስቱንም አውቃለሁ። ሦስቱንም ማወቄ ምሳ ሰዓት ላይ ምንም አልፈየደኝም።

የመምህራን ክበብ ውስጥ አምስት ስድስት ሆነን ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አንድ ቀን አስተናጋጇ ለእኔ ለብቻ በትንሽ ሰሃን አመጣችልኝ። «አንቺ ቃሪያ አትወጂም ብለን እኮ ነው» አለችኝ አንዷ ባልደረባዬ፣ ዓይኖቿን ከትሪው ሳታነሳ። ቃሪያ ነፍሴ ነው፤ ለዓመታት ከእሷ ጋር ስሻማ ኖሬያለሁ። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። ለደግነታቸው ግን መልስ አጣሁ፤ ለብቻዬ በላሁ። ከዚያ በኋላ ጓንት ገዛሁና በጠራራ ፀሐይ ጓንት የምታጠልቅ መምህርት ሆንኩ።

እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። እዚህች ቃል ላይ አባቴም ተሸንፏል፤ ጎንደር ውስጥ ጸበል ብሎ የሚጽፍ እንጂ የሚናገር የለም። ሰባት ሰባት ቀን እየተጠመቅኩ ስመለስ ፎጣ ታለብሰኝና ወንጌሉን ትሰብከኝ ነበር።

«አስሩ ለምጣሞች ባንድ ቃል ነጥተው የለም ወይ! አንቺ ከነሱ በምን ታንሻለሽ?»

«እማዬ፣ ነጽተው ነው የሚባለው። መንጣቱንማ ቀድሞውንም ነጥተው ነው የተቸገሩት!»

«እኔስ ምን አልኩ? ነጥተው ነው ያልኩ።»

ነጻ ማለት ከደዌው ጠራ ማለት ነው፤ ነጣ ማለት ነጭ ሆነ ነው። በእናቴ አፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ፎጣውን አፌ ላይ አፍኜ ሳቅኩ፣ እሷም ለምን እንደምስቅ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

ጠበሉም ቅባቱም አልሆነ ሲል አንድ የቆዳ ሐኪም ስለ ንቅለ ቆዳ ነገረኝ። ጎልማሳ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ከጭኔ ላይ ስስ ቆዳ ይላጣል፤ ነጩ ቦታ ላዩ ይፋቅና ያ ስስ ቆዳ እላዩ ላይ ይተከላል፤ ከያዘ ቀለሙን ወደ ዳር ያሰራጫል። ነገር ግን በሽታው መተኛት አለበት፤ ቢያንስ ዓመት ያህል አዲስ ነጭ ቦታ መውጣት የለበትም። ጠበቅን። አንድም አልወጣም። ከመሥራቱ በፊት እንዲህ አለኝ፦ «ይህ ቆዳሽን ይተካልሻል እንጂ በሽታውን አይነቅልልሽም። ስንት ዓመት እንደሚቆይ ልነግርሽ አልችልም፤ እኔም አላውቅም።» እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔ ግን የጨዋ ሰው ትሕትና አድርጌ ወሰድኩት።

ለእናቴ ነገሩን ያስረዳኋት በእርሻ ቋንቋ ነው። ከመደቡ ነቅሎ ማሳው ላይ መትከል ማለት ነው አልኳት። እሷ ደግሞ ከሐኪሙ በላይ ገባት። እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እንዳላንቀሳቅሰው ታዝዤ በተቀመጥኩባቸው ቀናት የምታጎርሰኝ እሷ ነበረች፤ ባጎረሰችኝ ቁጥር ፋሻውን እያየች ትጠይቀኛለች።

«ጠደቀ ወይ?»

«ገና ነው እማዬ፣ ሳይፈታ አይታወቅም።»

«ይጠድቃል። ያንቺው ገላ አይደል፤ ምነው አገሩን ያጣ!»

ፋሻው ሲፈታ የተተከለው ሁሉ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ የሞተ ይመስል ነበር። ቅርፊቱ ተነሣ፤ ከስሩ ቀይ ገላ ወጣ። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ በእጄ ጀርባ ላይ ጠይም ነጠብጣቦች አየሁ። እያደር ሰፉ፣ ተያያዙ፤ ከንፈሬም ጥግ ሞላ። ከዙሪያው ትንሽ ጠቆር ይል ነበር፤ እሱን የማውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ሐኪሙ ለተማሪዎቹ ሊያሳየው እጄን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ ፎቶ አነሣው። አውራ ጣቴ ስር በልጅነቴ ካውያ ያቃጠለኝ ጠባሳ አለ፤ «ይህቺስ?» ብሎኝ እሷንም ነገርኩት።

እናቴ ለሰፈራችን ደብር ጃንጥላ ተስላ ነበር። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ በእልልታ አስገባች።

በዚያው ዓመት ከባልደረቦቼ ጋር ኮሶዬ ሄድን፣ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህራችንን ለመሸኘት። መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ውጭ ተቀምጠን፣ ከፊታችን ገደሉ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጓንቴን ቤቴ ትቼ ነበር የሄድኩት። ጥብስ በትልቅ ትሪ መጣ፤ ለብቻ ሰሃን ያመጣልኝ አልነበረም። ያቺ ቃሪያ አትወጂም ያለችኝ ባልደረባዬ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኳት፤ ከእጄ ጎረሰች። ቂም ይዤባት ነበር፤ ያን ቀን ረሳሁት። ጥብስ ስበላ ያለቀስኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ብርዱ ነው አልኳቸው።

ሰው ከበሽታ ሲድን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። የሐኪሞችም ወረቀት እዚህ አካባቢ የሚያልቅ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የባለቤቱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የነጣው ጭኔ ነው። ቆዳው የተላጠበት ቦታ ራሱ፣ ልክ በምላጩ ልክ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጣ። ማንም የማያየው ቦታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ክርኔ፣ ጉልበቴ፣ የዓይኔ ሽፋን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ኖሮብኝ በማያውቅ ቦታ ሁሉ መጣ። እጄ ላይ ያለው ተክል ግን ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆየ፤ ዙሪያው ሲነጣ እሱ ብቻ ጠይም ሆኖ ይታይ ነበርና ጠዋት ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ እጄን አውጥቼ አየው ነበር። ኋላ እሱም ከመሃሉ ሳሳ። ዛሬ ከእሱ የቀረችው ከአውራ ጣቴ ወዲህ ያለች ትንሽ ቁራጭ ናት።

ያ ሐኪም ከከተማው ሄዷል። መንገዱም እየተዘጋጋ፣ ቀጠሮውም እየተላለፈ፣ እኔም እየሰለቸኝ ለዓመታት ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ክበቡ ውስጥ ማንም ምንም ሳይለኝ ትንሿ ሰሃን ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ስለ ቃሪያ ሰበብ የሚፈጥርልኝ እንኳ አልነበረም፤ ባልደረባዬ አንገቷን ደፍታ መብላቷን ቀጠለች። ፀሐይ ነጩን ቦታ እየለበለበኝ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ሆነ ኑሮዬ። ሠርግ አትምጪ ሳይሉኝ ሠርግ መሄድ ተውኩ።

እውነቱን ልናገር፦ መጀመሪያ ሲነጣ ተናድጄ ነበር፣ ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። አሁን ቆርጫለሁ። በሽታው አላታለለኝም፤ ያታለለኝ መዳኑ ነው። ባልጸደቀ ኖሮ እላለሁ። ፋሻው ሲፈታ ያየሁት ጠቁሮ የደረቀ ቆዳ እንደዚያው ወድቆ ቢሆን ኮሶዬን አላውቃትም ነበር፤ ያላወቁት ነገር ደግሞ በሌሊት አይቀሰቅስም።

እናቴ በበኩሏ ከደብሩ ጋር ተቀያየመች። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ የእሷ ጃንጥላ ከነዘርፉ ከሰው በላይ ይታያል። «ስለቴን ተቀብሎ በሽታውን መለሰብኝ» ትላለች፤ ወዲያው ደንግጣ «ይቅር በለኝ» ብላ ታማትባለች። እኔን ግን አሁንም «የኔ ጠይም» ትለኛለች። አንድ ቀን ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዙሬ «የታለ ጠይሙ? አሳዪኛ!» ብዬ ጮኽኩባት። ዓይኗ ደክሟል፤ ቀርባ በመዳፏ ግንባሬን ዳበሰችኝ። «ጠይምነትሽን ሳላይማ አልሞትም» አለች። ከእሷ የወረስኩትን መልክ ሳላስረክባት የምሸኛት መሆኔን ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳት አልቻልኩም።

በቅርቡ ለእሷ ስል ሐኪም ቤት ተመለስኩ። ለምና ነው ያስወጣችኝ፣ አብራኝም መጣች። ሐኪሙ አዲስ ነው፤ ልጅ እግር፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ትሑት። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ እኔን በብርሃን መረመረኝ። እንደገና መትከል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«በሽታው ገና እየተስፋፋ ነው፤ ሲስፋፋ መትከል አይመከርም» አለኝ። «ለተኛላቸው ሰዎች ግን ጥሩ ውጤት አለው። ልብዎ እንዳይጠራጠር አንድ ላሳይዎት» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ተማሪ ሳለ ያየው ፎቶ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሴት እጅ፣ ጠይም፣ የሞላ፣ እንከን የማይወጣለት። «አይተውታል? ይህ የሚገርም ነው። እንዲህ ሆነው የቀሩ አሉ።»

አውራ ጣቷ ስር የካውያ ጠባሳ አለ።

እጄን ከስክሪኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት፣ ጠባሳዬን ከጠባሳው ጎን። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከዚያ በኋላ ያነሣው የለም» አለ ቀስ ብሎ። «የዳነ ሐኪም ቤት አይመለስም፤ የተመለሰበትም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።» አልተቆጣሁትም። ተማሪዎች እስከ ዛሬ እያዩት የሚደነቁበት እጅ የእኔ መሆኑ፣ እሱ ጠይም ሆኖ እዚያ መቅረቱና እኔ እዚህ መቆሜ ብቻ ነው የቆጨኝ።

እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ በከንፈሯ ጠሎቷን ታደርስ ነበር። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን መለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ የቀረ መንገድ አለ» አለኝ። ነጩ ከጠይሙ ስለበለጠ፣ ዝንጉርጉሩ እንዲጠፋ የቀረውን ቀለም በመድኃኒት ማጥፋት። ጠይሟን ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ከተክሉ የተረፈችውንም ቁራጭ። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። «ባጭሩ» አለ፣ ለእናቴም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የቀረውን ማንጣት ነው።»

የእናቴ ከንፈር ቆመ።

«ምን አልክ ጌታው? ይነጣላታል ነው ያልክ?»

«አዎ እማማ፣ ይነጣል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ይነጣል።»

«ገላዋ ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ከወንበሯ እንዴት እንደተነሣች አላውቅም። ወለሉን ሳመች፤ የሐኪሙን ጉልበት ልትስም ስትል ደንግጦ ያዛት። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። በሩ ክፍት ነበርና ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልል አሉላት። «ልጄን ሊያነጡልኝ ነው!» ትላቸዋለች፣ እነሱም «እሰይ፣ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ይሏታል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ያየኛል። ደስ የሚል ዜና መናገሩን አላወቀም ነበር።

ለማረም አፌን ከፍቼ ነበር። በዚህች ፊደል ስንቱን ተማሪ ከሰሌዳው ፊት አቁሜያለሁ። የእናቴን ፊት አየሁና አፌን ዘጋሁት።

ታክሲው ውስጥ እጄን ሳትለቅ ተቀመጠች። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጠዳ! ጠዳ!» ይላል። ጃንጥላዋ በከንቱ እንዳልቀረ፣ ደብሩን በማማቷ ንስሐ እንደምትገባ፣ ትክል ድንጋይ ላለችው እህቷ እንደምትደውል ነገረችኝ። ዓይኗ ስለደከመ እንጂ ቀና ብላ ብታየኝ ማልቀሴን ታይ ነበር።

«መቼ ነው የሚያነጡሽ?» አለችኝ።

«በቅርቡ፣ እማዬ።»

«ያኔ ጠይሜን አያታለሁ» አለች፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያቺኑ የተረፈችዋን ቁራጭ በአውራ ጣቷ እያሻሸች።

«አዎ እማዬ» አልኳት።